ሃምሳ ለአንድ

ጀልባዬ ታስራለች ጎርጎራ ወደብ ላይ፣
ሞተሯ ተገልጦ፣ አንጀቱ እስኪታይ።
ብሎኑን እፈታለሁ፣ ብሎኑን እመልሳለሁ፤
ከአንዲት ፓምፕ ጋራ ተፋጥጬ ሰንብቻለሁ።

አርባ የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ምት፣ አሮጌ፣
በሁለት ዓመት ዕዳ ከባሕር ዳር ፈልጌ
ያመጣሁት ሞተር
ዘይቱ ለብቻው ነው፣ ቤንዚኑ ለብቻው፤
አውራ ጣት የምታህል ፓምፕ አለች በጎኑ፣
በጠብታ እየቆጠረች ዘይት የምትድር ለቤንዚኑ።
ሚዜም እሷ፣ ሽማግሌም እሷ፣ ቅልቅሉም በእሷ ቤት፤
የእኔ ፋንታ ዘይት መጨመር፣ ታንከሯ ሲጎድልባት።

ታዲያ በኅዳር አንድ ቀን፣ ለደልጊ ገበያ፣
አሥራ አራት ሰው ጭኜ፣ ሽንኩርት በማዳበሪያ፣
መሀል ሐይቅ ስንደርስ ጡሩምባዋ ጮኸች፤
“ዘይት የለም!” አለች።
ሞተሩን አጠፋሁ። የውሃው ድምፅ ብቻ ቀረ፤
አንዲት እናት ልጇን አቀፈች፣ አንድ ቄስ ዳዊት ጀመረ።
ታንከሯን ከፍቼ ባያት እስካፏ ናት ሙሉ፤
ዓይን ዓይኔን ያያሉ የተሳፈሩት ሁሉ።
እየጮኸች ነዳሁ፣ ደልጊ እስክንደርስ፣
ጥርሴን ነክሼ፣ አንዴም ሳልተነፍስ።

በማግስቱ ጎንደር ወጣሁ፤ አዘዞ፣ መንገድ ዳር፣
ሽባባው ጋራዥ፣ ከባጃጆቹ ሰፈር።
ሳያይ ነው የፈረደው፦
“አውልቃት! ቀዳዳውን ድፈን፣ ሽቦዋን ቁረጥ፤
ዘይትህን በጀሪካን ራስህ በጥብጥ።
ሃምሳ ቤንዚን፣ አንድ ዘይት፤ ከዚህ ወዲያ ምን ጥበብ አለ?
ያልተገጠመ ዕቃ ተበላሽቶ ሰው አልገደለ።”

ዘርትሁን ግን፣ ትኬት ቆራጯ፣ የቤቴም ገንዘብ ያዥ፣
“ፓምፗስ ትርሳ እንበል፤ አንተ አትረሳም?” አለችኝ።
“ውባንተን አስታውስ” አለችኝ።
ዝም አልኩ።

ውባንተ የአክስቴ ልጅ፣
በሳርዲን ቆርቆሮ ነው ዘይት የለካው፣ ዕድሜውን በሙሉ፤
እጁ ሚዛን ነው ይሉት ነበር ሁሉ።
አንድ ሌሊት ልጁ ታሞበት፣ እንቅልፍ አጥቶ አድሮ፣
ጨምሬያለሁ ብሎ ተነሣ። አልጨመረም ኖሮ።
ገሊላን ሳያልፍ ሞተሩ ግሪፕ አደረገ፤
ነፋስ እሱን ከነጀልባው እምቦጭ ውስጥ ሸሸገ።
ሁለት ሌሊት።
በታንኳ ያገኙት አሣ አጥማጆች
“እጁን እያየ ነበር” አሉ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባላል፤
ይኸው አንድ ዘይት ሃምሳ ቤንዚን ተሸክሞ ይሮጣል።
ማን ይቁጠርለት? የፓምፗ ጥርስ ወይስ የእኔ ጣት?
ሁለቱም ያልቃሉ፤ ያቺ በዕድሜ፣ ይኼ በሐሳብ ብዛት።

የፈሪ ብልሃት አይጠፋም፤
ቤንዚኑንም በጠበጥኩ፣ ፓምፗንም አልነካሁ፤
በታንከሯ ጎን በምስማር አንድ ጭረት ጫርኩ፣
ሳምንት ሙሉ ሰማያዊ ጭስ እየጎተትኩ ነዳሁ።
ካንዴላው ጠቆረ፣ ዘርትሁን ሳለች፣
“ሐይቁን ልታጥነው ነው?” አለች።

እሑድ ማታ በባትሪ አየሁት።
ዘይቱ ከጭረቱ ሁለት ጣት ወርዷል።
ወርዷል!
ፓምፗ ለካ ሥራዋን አልተወችም፤
ስትዋሽ የከረመችው ጡሩምባዋ ናት።

ሽባባው ይህን ሲሰማ አልተከራከረኝም።
ከመደርደሪያው ሥር አንድ የቀለም ጣሳ ሳበ፤
ከየሞተሩ የነቀላቸው ፓምፖች፣ አምስት፣ ስድስት፣
አቧራና ዘይት ለብሰው።
“ከእነዚህ ስንቱ ተበላሽቶ ነበር?”
ጨርቅ አነሣ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ።
“ባለቤቶቻቸው ፈርተው ነበር” አለ።

ነገ ገበያ ነው፤ ሰዉ ሳይነጋ ይሰለፋል።
የጡሩምባዋን ሽቦ ይዣለሁ በግራ እጄ፣ ቀዩን፤
ብቆርጣት ዝም ትላለች።
እውነቷን የምትጮኽበት ቀንስ?
መቁረጫው በቀኝ እጄ ነው።
ዘርትሁን ባትሪውን ታበራልኛለች፤
ምንም አላለች።